ስኳር የሌለበት የለውዝ ሶስ በቤታችን

 

አንድ አባት ወደምሠራበት ፋርማሲ መጡ። የስኳር ሕመም መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመሩም ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም የደም ስኳራቸው አልወርድ ብሏል። «ልጄ፣ መድኃኒቱ አልሠራ አለኝ፤ ሌላ ስጪኝ» አሉኝ። የሚመገቡትን አንድ በአንድ ስንነጋገር ነገሩ ተገለጠ። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ልጃቸው ዶሮና ሩዝ ስታቀርብላቸው ጥቁርና ወፍራም ሶስ ታፈስበታለች። እሳቸውም ጨው ጨው ስለሚል ስኳር ይኖርበታል ብለው አልጠረጠሩም። ጠርሙሱን በማግስቱ ይዘውልኝ መጡ። በጀርባው ከተዘረዘሩት ነገሮች መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ነበር።

ልጅቱ አባቷን ለማስደሰት ብላ ያደረገችው ነው። ጥፋቷ ባለማወቅ ነው፤ ባለማወቅ የሚደርሰው ጉዳት ግን ታውቆ ከሚደርሰው አያንስም። ስለዚህ በዚህ ወር የእስያ ዓይነት ሶስ ያለ ስኳር በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። የመረጥነው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ከተጠበሰ ሥጋ፣ ከአትክልትና ከእንቁላል ጋር የሚቀርበውን የለውዝ (የኦቾሎኒ) ሶስ ነው። ዋናው ግብዓት ለውዝ በመሆኑም ለእኛ ሩቅ አይደለም። የባቢሌን ለውዝ የማያውቅ ማን አለ?

ስኳሩ ሶስ ውስጥ ምን ይሠራል?

በጠርሙስ የሚሸጡ ብዙ የእስያ ሶሶች ስኳር የሚጨመርባቸው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ስኳር ሶሱን ያወፍረዋል፣ ያብለጨልጨዋል፣ ከሥጋው ጋር እንዲጣበቅ ያደርገዋል፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። በኢንዶኔዥያ የተለመደው ጣፋጭ ጥቁር ሶስ የሚሠራው ከአኩሪ አተርና ከዘንባባ ስኳር ሲሆን፣ በአንዳንዱ ዓይነት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው። ከጣፋጩ ቀይ የቃሪያ ሶስ አንድ የሾርባ ማንኪያም ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር ሊይዝ ይችላል። በአንድ ማዕድ ሦስት አራት ማንኪያ የሚያፈስ ሰው ምን ያህል እንደወሰደ አስቡት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከ5 በመቶ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሚሆን ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

የጠርሙሱን ጽሑፍ ስታነቡ ሦስት ነገሮችን አስታውሱ። አንደኛ፣ ግብዓቶች የሚጻፉት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉም የበዛው ነው። ሁለተኛ፣ ስኳር ብዙ ስም አለው፤ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ የበቆሎ ሽሮፕና ሞላሰስ ሁሉም ስኳር ናቸው። ማልቶዴክስትሪንና ስታርችም ሆድ ውስጥ ወደ ግሉኮስ ይለወጣሉ። ሦስተኛ፣ «ስኳር አልተጨመረበትም» ማለት «ስኳር የለውም» ማለት አይደለም።

«በማር ብተካውስ?»

ይህን ጥያቄ እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ማር በቁርኣን የተወሳ፣ ፈውስ ያለበት መሆኑን እናምናለን። ሆኖም ከክብደቱ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ስኳር ስለሆነ የስኳር ሕመምተኛን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ተምርም እንዲሁ ነው። ይህን መናገር የማርን ደረጃ ማሳነስ አይደለም፤ የአላህን ኒዕማ በልኩ መጠቀምም የአደራ ጥበቃ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሶስ ማርም ተምርም አንጠቀምም።

ሰው ሠራሽ ማጣፈጫን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ እንዳይወሰድ መክሯል። ይህ ምክር አስቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። እኔ ግን ለዚህ ሶስ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም፤ የተቆላ ለውዝ የራሱ የሆነ ለስላሳ ጣዕም አለው።

ሐላልነቱን እንዴት እናረጋግጥ?

በጃፓን አሠራር ቴሪያኪ የሚባለው ሶስ ውስጥ ሚሪን እና ሳኬ ይገባሉ። ሁለቱም ከሩዝ የሚሠሩ የአልኮል መጠጦች ናቸው፤ እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው። «ሲፈላ ይተናል» የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ ከፊሉ ምግቡ ውስጥ ይቀራል። በተፈጥሮ መንገድ የተብላላ ሶያ ሶስም ሲብላላ የሚፈጠር ጥቂት አልኮል ሊኖረው ይችላል። የዚህን ብይን ዑለማዎቻችንን ጠይቁ፤ እኔ መናገር የምችለው ግብዓቱን ብቻ ነው። ልባችሁ እንዲያርፍ የሐላል ምልክት ያለበትን ሶያ ሶስ ግዙ። ካላገኛችሁም ሶሱ በጨው ብቻ ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1 የውኃ ብርጭቆ ጥሬ ለውዝ (150 ግራም ያህል)
- 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት
- የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል
- ግማሽ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት
- 1 ወይም 2 ቃሪያ (ወይም ቁንጥር ሚጥሚጣ)
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለበት ሶያ ሶስ፣ ካልሆነም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው
- 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 1 የውኃ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ
- ቁንጥር የተፈጨ ቀረፋ

አሠራሩ

1. በመጀመሪያ ለውዙን ልቀሙት። የሻገተ፣ የጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም መራራ ፍሬ ሁሉ ይጣል። የሻጋታው መርዝ (አፍላቶክሲን) ጉበትን ይጎዳል፤ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። «ተቆልቷል፣ ምንም አይል» አትበሉ።

2. በመካከለኛ እሳት እያማሰላችሁ ልጣጩ እስኪሰነጠቅ ቁሉት። ካረረ ሶሱ ይመራል። ሲበርድ በእጅ እያሻችሁ በሰፌድ አንፍሱት።

3. በሙቀጫ ወይም በብሌንደር ፍጩት። መጀመሪያ ዱቄት ይመስላል፤ ሲቀጥል ዘይቱ ወጥቶ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። የተዘጋጀ የለውዝ ቅቤ ከገዛችሁ ግብዓቱ ለውዝ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ስኳር አለባቸው።

4. ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን አንድ ላይ ውቀጡ። በዘይቱ በዝግታ እሳት ለ3 ደቂቃ ያህል አቁላሉት።

5. የተፈጨውን ለውዝ ጨምሩ። ሙቅ ውኃውን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ አማስሉ። መጀመሪያ የተቋጠረ ቢመስል አትደንግጡ፤ ውኃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። ዱቄት ወይም ስታርች አያስፈልገውም፤ ለውዙ ራሱ ያወፍረዋል።

6. ሶያ ሶሱንና ቀረፋውን ጨምራችሁ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ሎሚውን ጨምሩ። ሶያ ሶስ ከገባበት ተጨማሪ ጨው አትጨምሩ።

በክዳን ዘግታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ቀን ማቆየት ይቻላል። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ስታሞቁት ጥቂት ሙቅ ውኃ ጨምሩበት። ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አታሳድሩት።

ለአንድ ሰው ምን ያህል?

ይህ መጠን ለ10 ሰው ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። የአንዱ ሰው ድርሻ በግምት 4 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህም ከ1 ግራም በላይ የሚሆነው አሰር ስለሆነ የደም ስኳር አይጨምርም። የኃይል መጠኑ ግን 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ለውዝ ቅባቱ ብዙ ነውና። ስኳር የለውም ተብሎ በጭልፋ አይበላም።

ሌላው ጨው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የቀን ጣሪያ 2000 ሚሊግራም ነው። በዚህ አሠራር ለአንድ ሰው የሚደርሰው 180 ሚሊግራም ያህል ነው። የደም ግፊት ያለባችሁ ሶያ ሶሱን በግማሽ ቀንሱ፣ ሎሚውን ጨምሩ።

ሶሱን ከተጠበሰ ዶሮ ወይም ሥጋ፣ ከተቀቀለ እንቁላል፣ ከጥቅል ጎመንና ከፎሶሊያ ጋር አቅርቡት። በክምር ሩዝ ላይ ካፈሰሳችሁት ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው፤ ሩዙ ራሱ ወደ ስኳር ይለወጣል።

መድኃኒት የምትወስዱ ልብ በሉ

ከሁሉም በላይ እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ሩዙን፣ ዳቦውንና ስኳሩን በአንድ ጊዜ ቢቆርጥ፣ መድኃኒቱ ግን በቀድሞው መጠን ቢቀጥል፣ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ አመጋገብ ስትቀይሩ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ መድኃኒቱንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ረመዷን ሲቃረብ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስኳር የወረደበት ሰው መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ጾመኛ ቢሆንም ይፍታ፤ ሸሪዓው ለታመመ ሰው ፈቅዷል። በዚያ ሰዓት የለውዝ ሶስ አይጠቅመውም፤ ቅባቱ ስኳሩ ቶሎ እንዳይደርስ ያዘገያል። ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ አትስጡት፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ስለዚህ ስኳር የማይበላ ሰው ቤትም ቢሆን ጥቂት ስኳር አይታጣ።

ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለ ይህን ሶስ ፈጽሞ አይቅመስ። እንግዳ ስትጋብዙም ጠይቁ። ሶያ ሶስ ብዙውን ጊዜ ስንዴ ስላለበት ስንዴ የማይስማማውም ይጠንቀቅ።

ያ አባት መድኃኒታቸው አልተቀየረም። ወደ ሐኪማቸው ተመልሰው ተማከሩ፤ ልጃቸውም ሶሱን በቤት መሥራት ጀመረች። ከሁለት ወር በኋላ የምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ ስኳራቸው ቀንሶ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ሶሱ ብቻውን አላዳናቸውም፤ ሩዙንም ቀንሰዋል፣ በእግር ወደ መስጂድ መሄድም ጀምረዋል። የሁሉም መነሻ ግን አንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማንበብ ነበር። እናንተም ዛሬ ወጥ ቤታችሁ ገብታችሁ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ገልብጡ፤ ማንበብ የሚከብዳቸው ወላጆች ካሉም አንብቡላቸው።

አላህ ለእኛም ለወላጆቻችንም ጤናና ዓፊያ ይስጠን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።