ልጆችዎን ይዘው ወደ ዓባይ አፋፍ፤ ከግንደወይን የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

የዕረፍት ቀን ሲመጣ በብዙዎቻችን ቤት የሚያርፈው ማን ነው? አባት ጋደም ሊል፣ ልጆችም ሊጫወቱ ይችላሉ። እናት ግን ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ወይም በፋብሪካ ስትደክም ከርማ፣ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ የልብስ ክምርና የእንጀራ ምጣድ ይጠብቃታል። ለበዓል ወደ አገር ቤት ሲኬድም ያው ነው። ከአውቶቡስ እንደወረደች መቀነቷን አጥብቃ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልጆቿም በግቢ ውስጥ ሲራኮቱ ሦስት ቀን ይሰነብቱና "አገር ቤት ደርሰን መጣን" ይባላል።

ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎም ከምሥራቅ ጎጃም ከሆኑ፣ ወይም ዘመድ የሚጠይቁት በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በግንደወይን ወይም በሞጣ ከሆነ፣ አንድ ነገር እንጠይቅዎ። ልጆችዎ ዓባይን አይተውታል? ስሙን ከዘፈንና ከመማሪያ መጽሐፍ ያውቁታል። ነገር ግን ወንዙ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን በሦስት ወገን ዞሮ ወደ ምዕራብ እንደሚሄድ፣ የአያታቸው ቤት ካለበት ደጋ ማዶ ያለው ያ ሰማያዊ ጭጋግ የዓባይ ገደል መሆኑን የነገራቸው አለ? ብዙዎቻችን ለራሳችንም አላየነውም። ለዚህ ነው ዛሬ ከግንደወይን ተነሥቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ስለሚደረግ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ልናወጋዎ የፈለግነው።

ባሕርና ባቡር ባላቸው አገሮች ይህ ዓይነቱ ሽርሽር የታወቀ ነው። በጣልያን አገር ቺንኰ ቴሬ በሚባለው ቦታ አምስት መንደሮች በባሕር ዳር ገደል ላይ ተሰካክተው ይገኛሉ። ቤተሰቡ ጧት በባቡር ደርሶ፣ በገደሉ ጥግ ከመንደር መንደር በእግሩ ሄዶ፣ ማታ በባቡር ይመለሳል። ጎጃም ባቡርም ባሕርም የለውም። ገደሉ ግን አለ፤ ያውም ከብዙዎቹ የባሕር ዳር ገደሎች እጅግ የጠለቀ ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይ ሸለቆ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ባቡሩንም ከደጀን በብቸና አድርጎ በግንደወይንና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ይተካዋል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ይህን በአንድ ቀን አድርሶ መመለስ እንደማይቻል ከወዲሁ ይወቁት። ጉዞው የሚመቸው በአካባቢው ለሚኖሩና ለበዓል ወይም ለፈቃድ አገር ቤት ለሰነበቱ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገደል ከነገዳሙና የፖርቱጋል ድልድይ ከሚባለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ጋር ተመሳሳይ ቀን ሊያውል ይችላል።

ቀኑን ስለ መምረጥ

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ፣ ተጓዦችም ሲንገላቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ዋዜማውን በመናኸሪያ ያሉትን ሾፌሮች፣ ከዚያም በአፋፉ በኩል ዘመድ ያላቸውን ሰዎች ይጠይቁ። ሁለቱ ወገኖች "ይቅር" ካሉ ይቅር። አንደኛው ወገን ብቻ ቢያመነታም ይቅር። ገደሉ የትም አይሄድም፤ ለሌላ በዓል ይጠብቅዎታል።

ወቅቱን በተመለከተ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባይሞከር ይመረጣል። ጭቃው እግር ይይዛል፣ ጅረቶች ሳይታሰብ ይሞላሉ፣ ጉሙም ገደሉን ይሸፍነዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝናብ የጠጣ የአፋፍ አፈርና ድንጋይ መፍረሱ ነው። ቀደም ሲል በጠቀስነው በጣልያኑ ገደል እንኳ፣ አጥርና ደረጃ ተሠርቶለት ሳለ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ድንጋይ ተንዶ አራት ሴቶች በመቁሰላቸው "የፍቅር መንገድ" የሚባለው ክፍል ተዘግቶ የተከፈተው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ አጥርም የለ፣ ዘበኛም የለ። ጥቅምትና ኅዳር መልካም ናቸው። ሰማዩ ይጠራል፣ ማሳው ቢጫ ይሆናል፣ ብርዱም ለእግረኛ ይመቻል። ነገር ግን ክረምቱን ያደገው ሣር የገደሉን ጫፍ ሊሸፍነው ስለሚችል በዚህ ወቅት ጥንቃቄው በእጥፍ ይሁን።

ስንቅና ልብስ

ስንቁ የእናት ሥራ ብቻ መሆን የለበትም። ይህ ቀን የእርስዎም ቀን ነውና ሥራውን ለቤተሰቡ ሁሉ ያከፋፍሉ። አባት ውኃ ያፍላ፣ ትልቁ ልጅ ቆሎ ይልቀም፣ ታናሹ ጫማውን ይወልውል። አያት ካሉ ደግሞ አገልግሉን ይጠይቋቸው። አገልግል ለመንገድ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ፍርፍሩን ሳያፈስ፣ ሙቀቱንም ሳያጠፋ ያደርሳል። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ይጨመርበት። ወጥ የበዛበት ምሳ ግን ለእግረኛ ከባድ ነው፤ የሚያስጠማና የሚያስተኛ ምግብ ከአፋፍ ላይ አይወደድም።

ከስንቅ ይልቅ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር፣ ለልጅም 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይያዙ። በመንገድ የሚገኘው ምንጭ ቢያምርም ከብትም ይጠጣበታልና አይመኑት። ልጅ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዘው ደግሞ በ1 ሊትር የፈላ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ትክክል ብሎ ሳይከመር፣ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መስጠት ይረዳል። ስለዚህ ስኳሩንና ጨው በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ይያዙ። ንጹሕ የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ለእርስዎም ለልጃገረዶችዎም የወር አበባ ጨርቅ አይረሳ። በመንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት አያገኙም።

ጫማ በሚገባ የሚታሰር ይሁን። ነጠላ ጫማና ለበዓል የተገዛ አዲስ ጫማ ሁለቱም ለዚህ ጉዞ አይሆኑም፤ የመጀመሪያው ያንሸራትታል፣ ሁለተኛው ያቆስላል። ባርኔጣ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በአገጭ ሥር የሚታሰር ክር ይኑረው። ስለዚህ ክር ከታች እናወጋለን።

ሰዓቱን ማክበር

ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይውጡ። ከግንደወይን ወደ አፋፉ የሚወስደው መንገድ በማሳና በመንደር መካከል ስለሚያልፍ መንገድ የሚያሳይ የአገሬው ሰው ያስፈልጋል። ዘመድዎ ይምረጥልዎት፤ የድካሙንም ዋጋ ከመነሣትዎ በፊት ይነጋገሩ። በመንገድ ያገኙትን ገበሬ "እንደምን አደሩ አያ" ብሎ ሰላምታ ሳይሰጡ አይለፉ። ማሳ አይረገጥ፤ ለእርስዎ ሣር የሚመስለው የሰው ጤፍ ነው።

ከፊት የሚሄደው ፈጣኑ ሳይሆን ዘገምተኛው ልጅ ይሁን። ፈጣኑ ከመራ ዘገምተኛው ይደክማል፣ ያለቅሳል፣ በመጨረሻም እናቱ ጀርባ ላይ ይወጣል። ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ከአያታቸው ጋር መተው፣ ያለዚያም በአንቀልባ አዝሎ መሄድ ይሻላል። የወር ጎደሎዋ የቀረበ ነፍሰ ጡርም ይህን ጉዞ ለሌላ ጊዜ ታቆየው።

ለመሄድ ሁለት ሰዓት ከፈጀብዎ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይቁጠሩ። እግር ይዝላል፣ ፀሐይም ይከራል። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅና ከዚያም ወዲያው ስለሚጨልም፣ ምሳ በልታችሁ ከ7 ሰዓት ሳታልፉ ተነሡ። አፋፉ ላይ ገና ባትደርሱም እንኳ 5 ሰዓት ከሆነ ካላችሁበት ዛፍ ጥላ ሥር ብሉና ተመለሱ። ይህን ደንብ ጧት ለልጆቹ ቢነግሯቸው ማኩረፉ ይቀንሳል።

በአፋፉ ላይ

አሁን ወደዚያ ክር እንመለስ። አንዲት የምናውቃት መምህርት የ8 ዓመት ልጇን ይዛ በዚሁ በዓባይ አፋፍ ቆማ ሳለ፣ ንፋሱ የልጁን ባርኔጣ ከራሱ ላይ ያነሣዋል። ባርኔጣው በሣሩ ላይ እየተንከባለለ ወደ ጫፉ ሲሄድ ልጁ ሮጦ ይከተለዋል። እናትየዋ "ተወው!" ብላ ብትጮኽም ልጁ የሰማው በንፋሱ መካከል የስሙን ጥሪ ብቻ ነበር። መንገድ ያሳያቸው የነበረው ሽማግሌ በትሩን ከእግሩ ፊት አጋድሞ ጣለው እንጂ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ልጁ ጉልበቱ ተልጦ አለቀሰ። እናቱም ከእሱ ይልቅ ለረዥም ጊዜ አለቀሰች። ኋላ ስትነግረን፣ "ከገደሉ አትጠጋ ብዬ መክሬው ነበር፤ ዕቃህ ቢወድቅ ተወው ብዬ ግን አልነገርኩትም" አለችን።

እንግዲህ ይህን ከእርሷ እንማር። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ከሸለቆው ወደ ላይ የሚነፍስ ንፋስ ይነሣል፤ በአፋፉም ላይ ድንገት ይበረታል። ስለዚህ ከመድረስዎ በፊት ልጆቹን አስቀምጠው ሦስት ነገር ይንገሯቸው። አንደኛ፣ የወደቀ ነገር ይውደቅ፤ ባርኔጣም፣ ኳስም፣ የእናት ነጠላም ቢሆን ማንም አይከተለው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ሰው በእርምጃ ለክቶ ካሰመረው ምልክት ማለፍ ክልክል ነው፤ ከጫፉ 10 እርምጃ መራቅ ዓይን የሚያየውን አይቀንስም። ሦስተኛ፣ ድንጋይ ወደ ታች አይወረወርም። ባዶ የሚመስለው ቁልቁለት ውስጥ ከብት የሚያግድ ልጅ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ልትኖር ትችላለች። ምሳ ሲበላና ሲወጋም ትልልቆቹ በገደሉ ወገን፣ ልጆች በውስጥ በኩል ይቀመጡ።

ለምን ወደ ታች አንወርድም?

አፋፉ ላይ የደረሰ ሁሉ "ትንሽ ብቻ እንውረድ" ማለቱ አይቀርም። እምቢ ይበሉ። ቁልቁለት ጧት በቅዝቃዜ ስለሚወረድ ቀላል ይመስላል፤ ዳገቱ ግን የሚወጣው በቀትር ነው። በየ1 ሺህ ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ ደጋ ለብሰው የወረዱ ሰዎች ቆላ ውስጥ ሆነው ውኃቸው ያልቃል። ከ2 ሺህ ሜትር በታች ደግሞ የወባ አገር ነው፤ በወንዙም ውስጥ አዞ አለ። ወደ ቆላ ወርዶ ያመሸ ሰው በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር።

ለልጆች ምን እንንገራቸው?

ተቀምጠው ሲያርፉ ወሬ ያስፈልጋል። ባሕር የለንም ብለን ነበር፤ ነገር ግን ነበረን። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህን አገር ሸፍኖት በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። ከበላዩ ያለው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እሳት ሆኖ የፈሰሰ ነው። ዓባይ ይህን ሁሉ እንደ ዳቦ ቆርጦ አሳየን ቢሏቸው ልጆች ይገባቸዋል።

የሰው ታሪክም አለ። ከሞጣ በስተሰሜን፣ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለተሰበረ "ሰባራ ድልድይ" ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሰው በገመድ ተጠፍሮ፣ በሁለቱ ወገን ባሉ ወንዶች ጉልበት እየተሳበ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት በብረት ጠገነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ለገበያም ለሕክምናም ማዶ ለመሻገር ሰው ምን ያህል እንደተቸገረ የሰማ ልጅ፣ ድልድይ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ሲመለሱ

ቤት ሲደርሱ እግር በሞቀ ውኃ ይታጠብ፤ ጣት ለጣትና ቁርጭምጭሚቱ ይታይ። እራቱን ጧት ያልተጓዘው ሰው ቢሠራው ደስ ይላል፤ ይህንንም ዋዜማውን ይስማሙበት፣ ያለዚያ እንደ ልማዱ ለእርስዎ ይቀራል። ልጆቹ ያዩትን በደብተራቸው ይሳሉ። እርስዎም ምን እንደረሱ፣ ምን እንደተረፈ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ በአንድ ወረቀት ይጻፉና ከአገልግሉ ውስጥ ያስቀምጡት። በሚቀጥለው በዓል አያት አገልግሉን ሲያወርዱ ያገኙታል።

ያቺን መምህርት ከዚያ በኋላ እንደገና ትሄጂያለሽ ወይ ብለን ጠይቀናት ነበር። ሄዳለች። የልጁ ባርኔጣ ክር ገብቶለታል። እሷም 10 እርምጃዋን ለክታ፣ እጇን አጣምራ፣ ምንም ሳትሠራ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ገደሉን አየችው።