አንድ፣ አንድ፣ አንድ

በግራ ባቴ ላይ እስከ ዛሬ ያልጠፋ የጥርስ ጠባሳ አለ፤ ያገኘሁትም በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቤ፣ ከደረስጌ ማርያም በታች ባለ አንድ መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ቁራሽ በምለምንበት ወራት ነው። ደረስጌ በታሪክ የምትታወቀው፣ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሳነጹት ቤተ ክርስቲያን፣ እሳቸው ድል ከተነሡ በኋላ ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ስለ ተቀቡባት ነው፤ እኔ ግን ስሟ በተነሣ ቁጥር ከዘውዱ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ቡናማ ውሻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኔው ግን እሱ በበላበት እኔም እንዳልበላ የሚጮህ ነበርና፣ የቆሎ ተማሪና ውሻ ከጥንት ጀምሮ ባላንጣ መሆናቸውን በሥጋዬ ተምሬአለሁ።

ይህን ቂም ያስተዉኝ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ የበግ እረኛ ናቸው። በጎቹ በቁልቁለቱ ተበትነው ሲግጡ፣ አንደኛው ውሻ ከመንጋው መካከል እንደ በግ ተኝቷል፤ ሁለተኛው ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ጭላዳዎቹ ወደ ገብሱ እንዳይወርዱ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው፣ ገና ጥርሱን ያልቀየረ ቡችላ፣ በሽማግሌው እግር ሥር ሆኖ ሁለቱን አሻግሮ ያያል። «አባቴ፣ ስንት ውሻ አለዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ በበትራቸው እየጠቆሙ «አንድ፣ አንድ፣ አንድ» አሉኝ። «ሦስት ማለትዎ ነው?» ብል፣ «ሦስት ብዬ የጠራኋቸው እንደ ሆነ አንዱም አይሰማኝ፣ ልጄ» ብለው መለሱልኝ።

በዚያች አጭር ቃል ውስጥ ብዙ ውሾችን ባንድ ቤት የማሠልጠን ምሥጢር ተጠቅልሎ ይገኛል። ውሻ በተፈጥሮው የማኅበር እንስሳ ስለ ሆነ፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ያለ ሥርዓት ያደጉ እንደ ሆነ ዓይንና ጆሯቸው ከጌታቸው ይልቅ ወደ እርስ በርሳቸው ያዘነብላል፤ አንዱ ሲሮጥ ሁሉም ይሮጣል፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮኻል፣ ጌታቸውም ከሩቅ ሲጣራ ይቀራል። ስለዚህ ውሾችን ለውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች እያንዳንዱን ለብቻው ያስተምራሉ፤ የቀሩትም ታስረው ወይም በምንጣፋቸው ላይ ተኝተው ተራ ይጠብቃሉ፤ መጠበቁም ራሱ ትምህርት ነውና ጸጥ ብሎ የቆየው ያለ ጉርሻ አይቀርም። ይህን ባሰብሁ ጊዜ የኔታ ትዝ አሉኝ። ማነጻጸሬ ዘዴውን ብቻ መሆኑን እያመለከትሁ፣ በአብነት ትምህርት ቤታችን ሃያና ሠላሳ ተማሪ ባንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጥም፣ የኔታ ቀለም የሚነግሩት ለየአንዳንዱ ነበር፤ ሌላው የትናንቱን እየቀጸለ ተራው እስኪደርስ ይቆያል። የውሻውም ትምህርት እንደዚሁ ነው፤ ስሙ ይቀድማል፣ ትእዛዙ በአንዲት አጭር ቃል ይከተላል፣ የታዘዘውን በፈጸመ በቅጽበት ዋጋው ይሰጠዋል፤ የዘገየ ጉርሻ ስለ ምን እንደ ተሰጠው አይገባውምና። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ተማሪው ሳይሰለች ማቋረጥን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ከየኔታ ዘንድ አላየነውም።

በሌላው ዓለም ይህ ትምህርት ከእረኛ ሥራ ተነሥቶ የታወቀ ጨዋታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1873 በዌልስ አገር ባላ በምትባል ከተማ እረኞች ውሾቻቸውን በግ በማስነዳት አወዳደሩ፤ በ1978 ደግሞ ክራፍትስ በሚባለው የእንግሊዝ የውሻ ትርኢት ላይ፣ ከፈረስ ዝላይ የተቀዳ፣ ውሻ መሰናክል እየዘለለ የሚሮጥበት ውድድር ለሕዝብ ታየ። በአላስካም ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ ከአሥር የሚበልጡ ውሾች አንድ ተንሸራታች እየሳቡ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ ላይ ይጓዛሉ፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ከፍጥነታቸው ይልቅ፣ ደክሞት የደረሰው ነጂ በማረፊያው የእያንዳንዱን ውሻ መዳፍ ተራ በተራ አንሥቶ መመልከቱ፣ ለመንገዱም ጫማ ማጥለቁ ነው። የስሜን ውሻ መንጋ ጠባቂ እንጂ መንጋ ነጂ አይደለምና በባላ ሜዳ ቢቆም ያፍር ይሆናል፤ የዌልሱም ውሻ በሌሊት ከስሜን ጅብ ጋር ቢፋጠጥ የሚኮራ አይመስለኝም።

አያያዙ ግን ለሁሉም ያው ነው። ቡችላ አጥንቱ ሳይጠና፣ ቢያንስ ዓመት ሳይሞላው፣ ከፍ ያለ ነገር እንዲዘል አይገደድም። የጠገበ ውሻ ወዲያው አይሮጥም፤ ሆዱ ተነፍቶና ተጠማዝዞ ሊገድለው ይችላል። መዥገሩም ከጆሮው ሥርና ከጣቶቹ መካከል ይለቀማል። በእኛ አገር ከዚህ ሁሉ የሚከፋ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም በግ በታረደ ጊዜ፣ ውሃ የቋጠረ ዕብጠት የታየበትን ሳንባና ጉበት «ለሰው አይሆንም» ብሎ ለውሻ መወርወር ነው። በዚያ ዕብጠት ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት ጥቃቅን የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉም ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ ወደ በግ፣ ባልታጠበ እጅ ደግሞ ወደ ሕፃን አፍ ይገባል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ያንኑ የውሃ ከረጢት እያሳደገ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ይኖራል። ሳንባውን ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት ማዋጥ ይህን መከራ ይቆርጣል።

ወደ ባቴ ጠባሳ ልመለስና፣ ያን ጊዜ ቁስሌ በጸበል ታጥቦ ቅጠል ታሰረበት፤ የዳንሁት ግን ውሻው ጤነኛ ስለ ነበር ነው። የእብድ ውሻ ደዌ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥቦ ያን ዕለት ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ከመቶ ውሾች ሰባው ከተከተቡ ደግሞ ደዌው ከመንደር ወደ መንደር መሻገር ይሳነዋል። በስሜን ይህ ነገር የሰው ብቻ አይደለም። ሊቃውንት ለቀይ ቀበሮ የሰጡት የላቲን ስም፣ ካኒስ ሲመንሲስ፣ ሲተረጐም «የስሜን ውሻ» እንደ ማለት ነው፤ በመላ ኢትዮጵያም ወደ 500 ያህል ብቻ የቀረው ይህ ፍጡር፣ የእረኛው ውሻ የሚያመጣበትን ደዌ የሚቋቋምበት ኃይል የለውም። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ ደዌ ቀበሮዎቹን ክፉኛ ፈጅቷል፤ በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምም ቀበሮውን ለማዳን በየመንደሩ እየዞረ የሚከትበው የገበሬውን ውሻ ነው።

ሽማግሌው ስለ ክትባቱ ብጠይቃቸው ከጋቢያቸው ጫፍ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች ፈትተው አሳዩኝ። «ሐኪሙ መጀመሪያ ባንድ ወረቀት ‹ሦስት ውሾች› ብሎ ጻፈልኝ፤ ነገ አንዱ ቢሞትብኝና ሌላ ባመጣ ይኸ ወረቀት የማንኛው ነው? ብዬ መለስሁለት» አሉ። ፀሐይም ስታዘቀዝቅ በጎቹን አስገብተው፣ ተራርቀው በተቀመጡ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ የተቀቀለ ገብስ ቈነኑ። ትልቁን በስሙ ጠሩት፤ መጥቶ ከድንጋዩ በላ። ሁለተኛውንም ጠሩት። ቡችላው ሳይጠራ ዘሎ ቢመጣ፣ ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ድርሻውን ከድንጋዩ ላይ አነሡበት፤ እሱም ጥቂት ካለቀሰ በኋላ ወደ ኋላው ሄዶ ቁጭ አለ፤ ያን ጊዜ ስሙን ጠሩት።