ማደግም ያስፈራል

ቅዳሜ ማታ ከዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ቤት የሚወጣውን ጩኸት የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። እኛ ሴቶች ምድጃ ዳር ሆነን እንኳ አርሴናል ያግባ ማንቸስተር ከጩኸቱ መለየት ጀምረናል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን በአገራችን የሚደገፉት የእንግሊዝ ቡድኖች ዘወትር ከላይ ያሉት ናቸው። የእነርሱ ደጋፊ የሚጨነቀው ስለ ዋንጫ ነው፤ ቢበዛ አራተኛ ወጣን አልወጣን ብሎ ነው። ከታች ሆኖ ቡድኑ አንድ ቀን ያድግ እንደሆነ ዓመት በዓመት ቀና ብሎ የሚጠብቅ ሌላ ዓይነት ደጋፊ መኖሩን ብዙዎቻችን አናስበውም። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው። ኳስ የማትወዱ እኅቶችም ገጹን አትለፉት፤ ነገሩ ከኳስ ያለፈ ነውና።

በመጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በእኛ አገር ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ እንደሚታደገው ሁሉ በእንግሊዝም ደረጃ አለ። ከላይ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከሥሩ ሻምፒዮንሺፕ፣ ቀጥሎ ሊግ ዋን፣ ከዚያ ሊግ ቱ ይባላል። ከአራቱ በታች ደግሞ የትንንሽ ከተማና የመንደር ቡድኖች ሰፊ ዓለም አለ። በሻምፒዮንሺፕ 24 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 46 ጨዋታ ይጫወታሉ። ቀጥዬ በምተርክላችሁ ዓመታት በነበረው ደንብ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ያድጋሉ፤ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት አራቱ ግን ፕሌይ ኦፍ በሚባለው ውድድር እርስ በርስ ይጋጠሙና አንዱ ብቻ ያልፋል። የመጨረሻው ጨዋታ የሚደረገው ለንደን በሚገኘው የዌምብሌይ ስታዲየም ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ደንብ ጨካኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሼፊልድ ዩናይትድ በ90 ነጥብ ሦስተኛ ወጣ፤ ሰንደርላንድ በ76 ነጥብ አራተኛ ሆነ። የ14 ነጥብ ልዩነት ነው! ዌምብሌይ ላይ ግን ሰንደርላንድ በባከነ ሰዓት በተቆጠረ ግብ 2 ለ 1 አሸነፈና አደገ። ሼፊልድ ዘጠኝ ወር የለፋበት ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቆረጠ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሉተን ሰዎች

እስቲ ወደ አንዲት ከተማ እንሂድ። ሉተን ከለንደን በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ድሮ ባርኔጣ ይሠራባት ስለነበር በ1885 የተመሠረተው ቡድኗ ሉተን ታውን እስከ ዛሬ «ባርኔጣ ሠሪዎቹ» ይባላል። ሜዳው ኬኒልወርዝ ሮድ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ተወሽቆ የተሠራ ስለሆነ የእንግዳ ቡድን ደጋፊዎች የሚገቡት ተያይዘው በተሠሩ ቤቶች ሥር ባለው በር ነው። ደረጃውን ሲወጡ የሰው ጓሮ ቁልቁል ይታያቸዋል። የሚይዘው ሰው ቡድኑ ባደገበት ጊዜ ከ10 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ይህ ትንሽ ቡድን በ1988 ዌምብሌይ ላይ አርሴናልን 3 ለ 2 አሸንፎ የሊግ ካፕ ዋንጫ ወስዷል። የአርሴናል ደጋፊ የሆናችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ታሪክ ነው። በ1992 ግን ወረደ። ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ስለሆነ ሉተን ድግሱ ተደግሶ ከበር የተመለሰ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የባሰ መጣ። በ2007፣ በ2008ና በ2009 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወረደ። በመጨረሻው ዓመት ውድድሩን የጀመረው 30 ነጥብ ተቀንሶበት ነው። አሥሩ በተጫዋቾች ወኪሎች ክፍያ ጉዳይ የተጣለ ቅጣት ሲሆን ሃያው በኪሳራ ሳቢያ የመጣ ነው። ጥፋቱን የሠሩት የቀድሞ ኃላፊዎች ነበሩ፤ ቅጣቱን በየሳምንቱ ሜዳ ተቀምጦ የቆጠረው ግን ደጋፊው ነው።

ሉተን ከአራቱ ሊጎች ውጪ አምስት ዓመት ቆየ። በ2011 ለመመለስ አንድ ጨዋታ ሲቀረው በኤ.ኤፍ.ሲ ዊምብልደን በመለያ ምት ተሸነፈ። በ2012 እንደገና እዚያው ደርሶ በዮርክ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2014 በ101 ነጥብ አንደኛ ሆኖ ተመለሰ፤ በ2018 አንድ ደረጃ፣ በ2019 ሌላ ደረጃ ወጣ። በ2022 ፕሌይ ኦፍ ገብቶ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቀረ። በ2023 ሦስተኛ ወጥቶ እንደገና ገባ።

እነዚህን ዓመታት በአንድ ትንፋሽ ዘረዘርኋቸው እንጂ ለኖረባቸው ሰው እንዲህ አጭር አይደሉም። በ1992 የተወለደ የሉተን ልጅ ቡድኑን አንድ ቀን እንኳ በአንደኛው ደረጃ ሳያይ 31 ዓመት ሞላው። በ1988 በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ዋንጫውን ያየ ሕፃን በ2023 ጎልማሳ ነው፤ ምናልባትም ልጁን ይዞ ለመሄድ ሲነሣ ያ ትከሻ የለም። ቡድን መደገፍ በእነርሱ ዘንድ እንደ ርስት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው።

ቃሉን የሚፈሩ ሰዎች

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ደጋፊ ቡድኑ ሲሸነፍ ከሚጨነቀው ይልቅ ሲያሸንፍ የሚጨነቀው ይበልጣል። መካከለኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ፣ ጮሆ፣ ተናዶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሑድ ረስቶታል። ቡድኑ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ እያለ ሲወጣ ግን እንቅልፍ ያጣል። የሌሎቹን ቡድኖች ውጤት ይደምራል፣ ይቀንሳል። «እናድጋለን» የሚለውን ቃል አፉ ላይ አያደርግም፤ ሌላው ቢናገረው «አታሟርትብን!» ብሎ ይቆጣል። ባለፈው ድል የለበሰውን ሻርፕ ሚስቱ ልጠብልህ ስትለው የሚጣላ አለ። ፈገግ የምትሉ እኅቶች ትኖራላችሁ፤ ግን ነገሩ ሞኝነት ብቻ አይደለም። ደጋግሞ ተስፋ አድርጎ ደጋግሞ የተሰበረ ሰው ተስፋውን እንደ ትኩስ ብረት ድስት በጨርቅ ነው የሚይዘው። ልጅ ሲጠባበቁ ብዙ ዓመት የቆዩ ባልና ሚስት ምልክቱ ሲታይ ለወላጆቻቸው እንኳ ለመንገር የሚፈሩት ለዚሁ ነው።

በዚህ መንፈስ ነው እንግዲህ ግንቦት 27 ቀን 2023 ከ85 ሺህ በላይ ሰው ዌምብሌይ የገባው። የሉተን ተጋጣሚ ኮቨንትሪ ሲቲ ነበር፤ የእርሱም ታሪክ የሚያስለቅስ ነው። ከ1967 እስከ 2001 ድረስ 34 ዓመት በአንደኛው ደረጃ ከኖረ በኋላ ወረደ። በገንዘብና በስታዲየም ጭቅጭቅ ሁለት ጊዜ ከከተማው ወጥቶ፣ አንዴ ኖርዝሃምፕተን አንዴም በርሚንግሃም፣ በሰው ሜዳ ተጫወተ። ሁለቱ ቡድኖች በ2018 አብረው ከአራተኛው ደረጃ ያደጉ ናቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከአራተኛው ደረጃ ተነሥተው የፕሪሚየር ሊግ በር ላይ ተገናኙ።

ጨዋታው ተጀምሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሉተን አምበል ቶም ሎክየር ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ተወሰደ፤ የልብ ምት መዛባት ነበር። ጨዋታው ቀጠለና ሉተን በጆርዳን ክላርክ አገባ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ጉስታቮ ሃመር ለኮቨንትሪ አቻ አደረገ። አንድ ለአንድ አልቆ፣ ጭማሪው ሠላሳ ደቂቃም አልፎ ወደ መለያ ምት ተሄደ። ከሁለቱም ወገን አምስት አምስት ተመትቶ አንድም አልተሳተም። በስድስተኛው ሉተን አገባ፤ የኮቨንትሪው ፋንካቲ ዳቦ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ላካት። 6 ለ 5።

በዚያች ደቂቃ በሁለቱም ወገን ስንት ሰው እንደጸለየ ስናስብ፣ «የእኛ ጸሎት ተሰማ» ለማለት የሚቸኩል ሰው የዳቦን ፊት አስቀድሞ ይይ እላለሁ። ከጨዋታው በኋላ በቀለሙ የተሰደበው ይህ ተጫዋች ነው፤ ክለቡም ስድቡን በይፋ አውግዟል። ተስፋ ሲሰበር የሚወጣው መርዝ እንዲህ አስቀያሚ ሊሆን ይችላል።

በሉተን ወገን ደግሞ ፔሊ ሩዶክ ምፓንዙ የሚባል ተጫዋች ነበር። ቡድኑ ከአራቱ ሊጎች ውጪ ሳለ ገብቶ፣ ሳይለቅ፣ ከአንድ ቡድን ጋር እስከ ፕሪሚየር ሊግ ድረስ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አምበሉም መለያ ምቱን ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ተመለከተ።

ከዚያስ?

ዴሎይት የተባለው የሒሳብ ድርጅት የዚያን ቀን ድል ለአሸናፊው ቢያንስ 170 ሚሊዮን ፓውንድ ያስገኛል ብሎ ገምቶ ነበር። የዚህን ያህል ገንዘብ ሲመጣ የማይፈራ ማን ነው? ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ እልል ካለ በኋላ ዕቃ ሲጭን ቡና አጣጪዎቹን፣ ዕድሩን፣ የልጆቹን ጓደኞች እያየ ዓይኑ እንባ የሚሞላው ዕድሉን ጠልቶ አይደለም። የአደገ ቡድን ደጋፊም እንደዚያው ነው። በየሳምንቱ ማሸነፍ የለመደ ሰው በየሳምንቱ መሸነፍ ይጠብቀዋል። በዝናብና በውርደት ዘመን የተቀመጠበትን ወንበር ነገ ማንቸስተርን ለማየት የመጣ እንግዳ ይቀማኝ ይሆን ብሎ ይሰጋል። ቡድኑን እዚህ ያደረሱት ልጆች ተሸጠው በሌሎች ይተካሉ። ሀብታም ገዝቶት የማልያውን ቀለም ቢለውጠውስ? (የሉተን ደጋፊዎች በዚህ በኩል ብልሆች ናቸው፤ የደጋፊዎች ማኅበራቸው በ2014 የክለቡ ስም፣ ቀለምና አርማ ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ የማገድ መብት አግኝቷል።) ከሁሉ በላይ ግን ከወጡ በኋላ የሚፈራው መልሶ መውደቅ ነው።

የፈሩትም መጣ። ሜዳው ለፕሪሚየር ሊግ ቴሌቪዥን እንዲበቃ አንዱ ወገን ፈርሶ ሲሠራ የመጀመሪያው የሜዳቸው ጨዋታ ተላለፈ። መስከረም 1 ቀን 2023 ዌስት ሃም መጥቶ 2 ለ 1 አሸነፋቸው። በኅዳር ወር ሊቨርፑልን ሊያሸንፉ ደቂቃዎች ሲቀሩ አቻ ወጡ። በታኅሣሥ አርሴናል በ97ኛው ደቂቃ 4 ለ 3 ረታቸው። ታኅሣሥ 16 ቀን ደግሞ ቦርንማውዝ ላይ ሎክየር እንደገና ወደቀ፤ በዚህኛው ጊዜ ልቡ ቆማ ነበር። ሜዳ ላይ ተረድቶ ዳነ፤ ጨዋታው ተቋረጠ። በመጋቢት እንደገና ሲደረግ ሉተን እስከ እረፍት 3 ለ 0 መርቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ደስታም አልጠፋም፤ ኒውካስልን 1 ለ 0፣ ብራይተንን 4 ለ 0 አሸንፈዋል። በጠቅላላው ግን ስድስት ድል፣ 26 ነጥብ፣ 18ኛ ደረጃ፤ ወረዱ። በዚያ ዓመት ያደጉት ሦስቱም፣ በተከታዩ ዓመት ያደጉት ሦስቱም ቡድኖች በአንድ ዓመት ተመልሰዋል። ሉተን ግን አላበቃለትም፤ በ2025 ከሻምፒዮንሺፕም ወርዶ ሊግ ዋን ገባ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሚሆን ባላደግን ይሻል ነበር ይባል ይሆን? አንዳንድ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔ አልስማማም። የሠርጉ ቀን አላስፈላጊ ነበር የሚባለው ትዳሩ ስለከበደ ነውን? አባቱ ሳያይ ያለፈበትን ነገር በልጁ ዓይን ያየ ሰው ያንን ዓመት ውሰዱልኝ የሚል አይመስለኝም። ፍርሃቱ ልክ ነበር፤ የተፈራውም ሆነ፤ ያ ቀን ግን አሁንም የእነርሱ ነው።

ሉተን በሊግ ዋን የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው ዓርብ ነሐሴ 1 ቀን 2025 ማታ በኬኒልወርዝ ሮድ ነው። ተጋጣሚው ኤ.ኤፍ.ሲ ዊምብልደን ነበር፤ በ2011 በመለያ ምት ልባቸውን የሰበረው ያው ቡድን። ዊምብልደን ያን ዓመት ከሊግ ቱ በፕሌይ ኦፍ አድጎ መምጣቱ ነው። ስለዚህ በዚያች ማታ በአንዲት ትንሽ ሜዳ፣ በአንድ ዓይነት ደረጃ ላይ፣ ያደገ ደጋፊና የወረደ ደጋፊ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሉተን 1 ለ 0 አሸነፈ። የዊምብልደን ሰዎች በዚያው በጠባቡ በር፣ በሰው ጓሮ ላይ አልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ገና 45 ጨዋታ ይቀራቸው ነበር።