ሴቶች በተረትና በመጽሐፍ

ተረትና ምሳሌ ባፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሕዝብ ጥበብ ነው። ቃሉ አጭር ስለ ሆነ ፈጥኖ ይጠናል፤ ቤት ስለሚመታም ሰሚው ሳይመረምር ይቀበለዋል። ሽማግሌ ነገር ይቈርጥበታል፤ ተሟጋች ይረታበታል፤ ወላጅ ልጁን ይመክርበታል። ይሁን እንጂ ምሳሌ የተባለ ሁሉ እንደ ሕግ ሊቈጠር አይገባውም። በቍጣ ወይም በቀልድ የተነገረ ቃል ዘመን ሲሻገር እንደ ፍርድ የሚጠቀስበት ጊዜ አለ። ይህም ይልቁንም ስለ ሴቶች በተነገሩት ምሳሌዎች ላይ ይታያል። ስለዚህ አስተማሪና ሽማግሌ እነዚህን ምሳሌዎች ለልጆች ከመናገራቸው አስቀድሞ ትርጓሜያቸውን መመርመር ይገባቸዋል።

ሴትን የሚያነሡት ያማርኛ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ የሥራዋን ስፍራ ይወስናሉ፤ «ሴት በማጀት ወንድ በችሎት» እንደሚባለው ነው። አንዳንዶቹ ዕውቀቷን ያሳንሳሉ፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እንደሚባለው ነው። ሌሎቹ ግን ሴትን የሚነቅፉ መስለው ሌላ ነገር ይናገራሉ። «ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» የሚለው ቃል፣ ሥራ ለብዙ ሰው ሲተው ኀላፊ እንደሚያጣ ያሳያል፤ ይህም ጥፋት ወንዶች በተሰበሰቡበት ሥራም የሚደርስ ነው። «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» በሚለውም የሚሳቅበት የተላከው ሰው ነው፤ በሴት ፊት ፈሪ እንዳይባል ብሎ በሌሊት ይወጣልና። ይህ ምሳሌ የሴትን ቃል ኀይል ሳይወድ የሚመሰክር ነው።

ደግሞም ምሳሌዎቹ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ። የሴት ዕውቀት ከንቱ ነው የሚለው ሰው ራሱ ለልጁ ሚስት ሲፈልግ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይላል። እንዲህ ማለቱ የልጅ ጠባይ የሚቀረጸው በእናት ትምህርት መሆኑን ማመኑ ነው። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለውም ሁለቱን ያስተካክላል እንጂ አንዱን ከሌላው በታች አያደርግም። ምስክሮች በተለያዩ ጊዜ ዳኛ ሌላ ማስረጃ እንደሚሻ፣ በዚህም ነገር መጻሕፍትንና ታሪክን መጠየቅ ይገባል።

ከመጻሕፍት አስቀድሞ የሚጠራው ለሁሉ የታወቀው መጽሐፈ ምሳሌ ነው። ምዕራፍ 31 የሚጀምረው ለንጉሥ ልሙኤል እናቱ ባስተማረችው ቃል ነው። በዚያው ምዕራፍ የተመሰገነችው ሴት ቤቷን በሚገባ ታስተዳድራለች፤ ነገር ግን በማጀት ብቻ አትወሰንም። እርሻ ተመልክታ ትገዛለች፤ ወይን ትተክላለች፤ የሠራችውን ልብስ ለነጋዴ ትሸጣለች፤ በጥበብም ትናገራለች። ባሏ በአደባባይ ከሽማግሎች ጋራ ተቀምጦ ይከበራል። ይህን የሚያነብ ሰው ማጀትና ችሎት አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ይረዳል።

ሁለተኛው ክብረ ነገሥት ነው። በዚህ መጽሐፍ ንግሥት ማክዳ የሰሎሞንን ዝና ከነጋዴው ከታምሪን ሰምታ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣችው ጥበብን ፈልጋ ነው። ወርቅና ሽቱ የነበራት ንግሥት ዕውቀትን ከሀብት አብልጣ ረዥም መንገድ ተጓዘች። መጽሐፉ ግን ወደ ኋላ መንግሥቷን ለልጇ ለምኒልክ እንዳስረከበችና ከእንግዲህ ወዲህ ሴት እንዳትነግሥ እንደ ወሰነች ይተርካል። እንግዲህ አንዱ መጽሐፍ ራሱ የሴትን ጥበብ ከፍ አድርጎ ዙፋኑን ይዘጋባታል። ዳሩ ግን በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ጫኑ።

ሦስተኛው ገላውዴዎስ የተባለው መነኵሴ በ1665 ዓ.ም. የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ የንጉሡን ባለሟል ባሏን ትታ መነኰሰች። ስለ ሃይማኖቷ ተጋዘች፤ በጣና ሐይቅ ዙሪያም የተሰደዱትን ሰብስባ ማኅበር አቆመች። በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላም ማኅበሯን መምራት አላቋረጠችም።

ያማርኛ ልብ ወለድ መጻሕፍትም ከዚህ አልራቁም። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የተባለች ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ያማርኛ ልብ ወለድ ቤተ ሰቡን የማዳን ሥራ ለሴት ልጅ ሰጠ። ሆኖም በመንገድ በሰላም ለመሄድ ወንድ መምሰል ነበረባት፤ ይህም የዘመኑን ኑሮ ያሳያል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አጥተው አጪዎቿን ሁሉ ሲመልሱ፣ የልጂቱ ዕድሜ በከንቱ ያልፋል። በጦቢያ የሴት ብርታት ሲመሰገን፣ በሰብለ ወንጌል ሴትን እንደ ዕቃ የሚቈጥር ትዕቢት ይነቀፋል።

የታሪክ ምስክርም አለ። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመቀሌ ምሽግ በተከበበ ጊዜ፣ ውሃው ይያዝበት ብለው የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ምክራቸውም ምሽጉን አስለቀቀ። በጎጃምም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሳሉ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በኋላ ለወንዶች ተማሪዎች መምህር ሆኑ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ቃል በእኒህ እናት ጉባኤ ፊት አይቆምም፤ ወንዶቹ ትምህርታቸውን የፈጸሙት ከእርሳቸው ዘንድ ነውና።

ይህን ሁሉ መመርመር የሚያስፈልገው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በገጠር አንዲት ልጅ ፊደል ለይታ ማንበብ እንደ ጀመረች፣ ውሃ ለመቅዳት ወይም ለጋብቻ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ለአባት ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ምሳሌ ነው፤ ክርክሩም በአንድ ቃል ይዘጋል። አገሪቱ ግን ወደዚህ አሳብ አልሄደችም። በ1924 ዓ.ም. የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው።

አስተማሪ በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ምሳሌ ሲሰማ ልጆቹን ዝም ከማሰኘት ይልቅ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቃቸው ይሻላል፤ ምሳሌው በምን ነገር ላይ ይነገራል? የሚነቀፈው ጥፋት በወንድ ላይ አይገኝምን? ይህን የሚቃወም ሌላ ምሳሌ የለምን? ልጆቹም መልሱን ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲያመጡ ቢያዝ፣ ተረቱ አይጠፋም፤ ትርጓሜውም ይቃናል።

ሽማግሌም በጋብቻና በትምህርት ነገር ሲመክር ቃሉ በመንደሩ እንደሚከበር ያስብ። አባት ልጁን ከትምህርት ሊያስወጣ ሲመጣ፣ ሽማግሌው የእማሆይ ገላነሽን አባት ቢያስታውሰው ይበጃል። እኒያ አባት ዓይነ ስውር ልጃቸውን ለማስተማር አልሰነፉም፤ ዓይኗ የሚያይ፣ ትምህርት ቤቷም በደጇ ያለ ልጅ ከትምህርት ብትቀር ለአባቷ ምን ምክንያት ይገኝለታል?