የዘካው ባለቤትና የምንጩ ባለቤት

ዛሬ የምናወጋችሁ በወሎ፣ ከኮምቦልቻ ገባ ብላ ተራራ ሥር ስላለች አንዲት መንደር ምንጭ ነው። መንደሯ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተደባልቆ የሚኖርባት፣ እኛም በደረሳነት ኪታብ የቀራንባት፣ ኋላም ያሰገድንባት ናት። በልጅነታችን ከዚያች ምንጭ ለሸኻችን ውዱእ ውኃ ቀድተናል።

ባለፈው ዓመት፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ጾም ስንይዝ ከቧንቧዋ የሚወርደው ውኃ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዷን እየዞረ መጥቶ በበጋው ላይ ወድቋል። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ሆኖም ምንጯ አልደረቀችም። ከዓመታት በፊት የተሠራላት የሲሚንቶ ግድግዳ ተሰንጥቆ ውኃው ከሥር እየሾለከ ነው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ፤ ደርሶ መልሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው።

መንደሯ የሚሰበሰብ ሰው አጥታ አይደለም። ቅሬ አላት፤ እናንተ በከተማ እድር የምትሉት ነው። ቅሬው ሙስሊም ሲሞትም ክርስቲያን ሲሞትም እኩል ይቀብራል። የመስጂድ ጀመዓ አላት። ክርስቲያኖቹ ሰንበቴ አላቸው። እናቶች እቁብ አላቸው። ምንጯ ስትሠራ የተመረጠ የውኃ ኮሚቴም ነበር፤ ከአባላቱ ግማሾቹ ዓረብ አገር ሄደዋል፣ የቀሩትም መመረጣቸውን ረስተዋል። ቅሬው «የውኃ ኮሚቴው ጉዳይ ነው» ይላል፤ ኮሚቴው «የቀበሌው ነው» ይላል፤ እኛ የመስጂዱ ሰዎች ደግሞ የዱንያ ጉዳይ ነው ብለን ዝም ብለናል። ሁሉም ሳጥን አለው፣ ሁሉም መዝገብ አለው፣ ምንጯ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለችም።

ነገሩን ያነሱት አንዲት እናት ናቸው። ከተራዊሕ በኋላ ከሴቶቹ መስገጃ መጋረጃ ጀርባ ሆነው፣ «ሸኻችን፣ ለሱሑር የምናበስልበትን ውኃ ልንቀዳ ወርደን ስንመለስ ፈጅር ይደርስብናል። ይህ ነገር ሚንበር ላይ አይነሳም ወይ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወዲያው የተነሳው ሐሳብ «ዘካ አለን አይደል? ለምንጯ ይዋል» የሚል ነበር። የዚያ ዓመት የእህል ዘካ መልካም ነበር። በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ፣ ባለቤቱ ደክሞ በመስኖ ካጠጣው ከሃያ አንድ ይወጣል፤ ይህም ምርቱ 6 ኩንታል ተኩል ገደማ ሲደርስ ነው። የወጣው እህል ተሽጦ ሲሚንቶና ቧንቧ ይገዛል አሉ። ሰው ሁሉ ደስ አለው።

እኛ «አይሆንም» አልን። ዘካ ባለቤት አለው። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ የተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ናቸው፤ ድሃና ችግረኛው ከፊት ተጠርተዋል። በአራቱም መዝሀቦች የታወቀው አቋም ዘካ ለመስጂድ ግንባታም፣ ለድልድይም፣ ለውኃም እንደማይውል ነው። ከዘመናችን ዑለሞች ሰፋ አድርገው የሚተረጉሙ መኖራቸውን እናውቃለን፤ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን እዚያች መንደር ውስጥ እሳት ያላነደዱ ቤቶችን በዓይናችን እያየን የእነሱን ድርሻ ሲሚንቶ ልናደርገው ልባችን አልፈቀደም። ምንጭ የሰደቀቱል ጃሪያ ሥራ ነው። ሰይዲና ዑስማን በመዲና የሩማን ጉድጓድ ከገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝብ የለቀቁት በዚህ መንገድ ነው።

አንዳንዶች ተቆጡ። «ታዲያ ሸኻችን ከኪታብ ሌላ ምን አላችሁ?» ያለን ወጣት ነበር። አልተሳሳተም። የመስጂዱ ሳጥን ውስጥ ለምንጣፍ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር፤ እኛም እያወቅን አላነሳነውም። አዲስ ምንጣፍ ላይ ለዒድ ለመስገድ ጓጉተን ነበርና። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ገንዘቡን የላከችው ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ የመንደሯ ልጅ ናት። ለምንጣፍ ብላ ከላከች ለሌላ ለማዋል ፈቃዷን መጠየቅ ግድ ነው። ከዐሥር በኋላ ደወልንላት። ነገሩን ስንነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ሸኼ፣ እናቴም ወንዝ ትወርዳለች እንዴ?» አለች። «ትወርዳለች ልጄ» አልን። «ግማሹን ለምንጯ አድርጉት፤ ግማሹ ግን ለምንጣፉ ይሁን፣ ነይቼበታለሁ» አለች። ሁሉንም ትሰጣለች ብለን ጠብቀን ነበር። ነገር ግን የራሷ ላብ፣ የራሷ ኒያ ነው። በሩቅ አገር ያለች ልጅ ላይ ነገር አናበዛም ብለን አመስግነን ዘጋን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ለካ ሳጥኖቹን መቀላቀል አያስፈልግም ነበር፤ የሚቀላቀለው ሥራው ነው። የቅሬው ገንዘብ የከፈንና የሐዘን ነው፣ አይነካም። ቅሬው ግን ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አለው፤ የእያንዳንዱ ጎጆ ስም ያለበት መዝገብና ቀብር የቀረን ሰው የሚቀጣበት ደንብ። የቅሬው ዳኛ ያንን መዝገብ ይዘው ተረኛ ጠሩ፣ የቀረውንም እንደ ቀብር ቀሪ ቀጡት። እቁብተኞቹ እናቶች የዕቃ ግዢውን ያዙ፤ በሳንቲም የማይሳሳቱ እነሱ ናቸውና። ሰንበቴዎቹ ከአባሎቻቸው አንድ ግንበኛ አመጡ። ከወረዳው የውኃ ባለሙያ መጣ፤ እሱም ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረና ከብት እንዳይገባ ካልታጠረ ግድግዳው ዳግም እንደሚሰነጠቅ ነገረን። ከዚህ በፊት ያልተደረገው ይኸው ነበር።

ቀን መምረጡ ራሱ ወግ ነው። ጁምዓ የእኛ፣ እሑድ የእነሱ፣ ገበያ የሁሉም። የማርያምና የሚካኤል ዕለትም አለ። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም ከእኛ አምስት ቀን ቀድሞ የካቲት 17 ገብቶ ስለነበር ቆፋሪው ሁሉ ጾመኛ ነው። ስለዚህ ከፈጅር በኋላ ብርሃን ሲሆን ተጀምሮ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አራት ሰዓት ላይ ዶማው ይቀመጣል ተባለ። አንድ የክርስቲያን ሽማግሌ ዶማቸውን ተደግፈው «እኛ ውኃ መጠጣት ሳንችል ውኃ እንቆፍራለን» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ዘካውስ? ለባለቤቶቹ ደረሰ። ቅሬው በየቤቱ ትንሽ መዋጮ ጥሎ ስለነበር አንዳንዱ «ዘካውን ስጧቸውና መዋጮውን እዚያው አስቀሩ» አለን። ይህንንም እንቢ አልን። ድሃ እጁ ከገባ በኋላ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ እየሰጡ መልሶ መቀበል መስጠት አይደለም። ሰጥተን ዝም አልን። አብዛኞቹ መዋጮውን በራሳቸው አመጡ። አንዲት እናት ግን ፍየል ገዙበት። ያጉረመረመ ሰው ነበር፤ ይኸው ዘንድሮ ፍየሏ ሁለት ወልዳለች፣ ለልጆቻቸው ወተት አላቸው።

ከከተማና ከውጭ ሆናችሁ ወደ ትውልድ መንደራችሁ የምትልኩ ቤተሰቦች፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ስትልኩ ዘካ ነው፣ ዘካተል ፊጥር ነው ወይስ ሰደቃ ብላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ። «ለመንደሩ ይሁን» ብቻ የተባለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎችን አጣልቷል። መንደሩ ውስጥ ምን ማኅበር እንዳለም ጠይቁ። አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም በፊት ቅሬው አለ።

ውኃው መጋቢት 21፣ የዒድ ጠዋት አልደረሰም፤ ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ ቀረና የዒዱን ገንፎ በወንዝ ውኃ በላነው። ከዒድ በኋላ በሳምንቱ ግን ቧንቧው ተከፈተ። የአጥሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በቅሬው ዳኛ እጅ፣ ሌላው በእቁቡ ጸሐፊ እጅ ነው። ምንጣፉም በግማሹ ገንዘብ ተገዝቶ የፊቱን ሁለት ሰፍ ሸፍኗል።

ዘንድሮ ያልተፈታው የጠባቂው ደመወዝ ነው። ቅሬው በየወሩ ከየቤቱ ይዋጣ ይላል፤ እናቶቹ በጀሪካን ይከፈል ይላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ በተራ እንጠብቅ ይላሉ። እኛ ወደ እናቶቹ አዘንብለናል፣ ቀጂዎቹ እነሱ ናቸውና። ከዒድ በኋላ ባለው ሰኞ ስብሰባ አለ።