ተጨማሪ መረጃ፦ ቍጥር ከመስፈሪያው ሲተርፍ

በዩኒክስ ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር ዕለቱንና ሰዓቱን የሚያውቀው፣ እንደ ባሕረ ሐሳብ በዓመተ ዓለምና በአበቅቴ ሳይሆን፣ በግሪንዊች ሰዓት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970) እኩለ ሌሊት አንሥቶ ያለፈውን ሰከንድ ሁሉ እየደመረ በሚሄድ በአንድ ኍልቍ ነው። ለዚህም ኍልቍ በብዙ ማሽኖች የተመደበለት ስፍራ 32 ቢት ብቻ ስለ ሆነና ከእነዚህም አንደኛው የአዎንታና የአሉታ ምልክት ስለሚይዝ፣ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ቍጥር 2,147,483,647 ነው።

ወሰኑ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ካህናቱ ታቦታቱን አጅበው በባሕረ ጥምቀቱ ዳር በሚገኙበት በበዓለ ኤጲፋንያ ማለዳ፣ በአገራችን ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በተከታይዋ ሰከንድ አንድ ሲደመርበት፣ ኍልቁ ወደ ምልክቱ ቢት ተሻግሮ አሉታ 2,147,483,648 ይሆናል፤ ማሽኑም መሳሳቱን ለማንም ሳያስታውቅ፣ ዕለቱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ማለትም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እንደ ሆነ አድርጎ ይመዘግበዋል። ከስሕተቱ ይልቅ እጅግ የሚያሠጋው ይህ ዝምታው ነው። የ20 ዓመት ብድር መክፈያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራምማ ዕለቲቱ እስክትደርስ ድረስ እንኳ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊስት ይችላል።

መድኃኒቱ ኍልቁን ወደ 64 ቢት ማስፋት ሲሆን፣ ይህ መስፈሪያ 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይበቃል። አዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ተሻግረዋል፤ በፋብሪካ መቈጣጠሪያዎች ውስጥ ተሰውረው ለረዥም ዘመን የሚያገለግሉት አሮጌ ፕሮግራሞች ግን አንድ በአንድ ተፈልገው መታረም አለባቸው።