ማስታወቂያ ከፋዩ የሚገዛው ጽሑፉን ሳይሆን አንባቢውን ነው

በኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ እያወጡ ከማስታወቂያ ገቢ ማግኘት በርካታ ወጣቶች የሚሞክሩት፣ አንዳንድ ባለገንዘቦችም ሸሪክ እንዲሆኑ ወይም ገጹን ጠቅልለው እንዲገዙ የሚጠየቁበት የሥራ መስክ ሆኗል። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚቀርበው አንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም "በወር ይህን ያህል ሺህ ሰው ይጎበኘናል" የሚል ነው። ይሁንና የጎብኚ ብዛት ብቻውን የገቢ መለኪያ አይደለም። መቶ ሺህ ጎብኚ ያለው ገጽ የራሱን ወጪ እንኳ ሳይሸፍን ሲቀር፣ አምስት ሺህ አንባቢ ያለው ሌላው የሠራተኛ ደመወዝ ሊከፍል ይችላል። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ለጸሐፊውም ሆነ ገንዘቡን ለሚያወጣው ሰው ይጠቅማል።

ደላላው ምን ያህል ይወስዳል?

በዚህ ንግድ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። አንደኛው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ማስተዋወቅ የሚፈልገው ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ጽሑፉን የሚያወጣው ባለገጽ ሲሆን፣ ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኘው ደላላ ነው። ከደላሎቹ መካከል ስሙ የገነነው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው አድሴንስ የተባለው አገልግሎት ነው። አንባቢው ገጹን ሲከፍት፣ ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ባለችው ቅጽበት ውስጥ ለማስታወቂያው ቦታ ጨረታ ይካሄዳል። ተጫራቾቹ ባለገጹን አያውቁትም፤ እሱም አያውቃቸውም። የሚጫረቱት በአንባቢው ላይ ነው።

የደላላው ኮሚሽን ይፋ ነው። ጉግል ለዓመታት ከ100 ዶላር 68ቱን ለባለገጹ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ስሌቱን በሁለት ከፍሎታል። ማስታወቂያው በራሱ በጉግል በኩል ሲገዛ በአማካይ 15 ከመቶ ያህል አስቀድሞ ይቀነሳል፤ ከቀረው ላይ 80 ከመቶው ለባለገጹ ይከፈላል። ከ100 ዶላር 15 ሲቀነስ 85 ይቀራል፤ የ85 ደግሞ 80 ከመቶው 68 ነው። በውጤቱ ብዙ ለውጥ የለም ማለት ነው። የተለወጠው ዋና ነገር ክፍያው ማስታወቂያው ጠቅ በመደረጉ ሳይሆን በመታየቱ ላይ እንዲመሠረት መደረጉ ነው።

የሺህ ዕይታ ዋጋ

ባለገጾች ገቢያቸውን የሚለኩት በአንድ ሺህ ዕይታ በሚያገኙት ገንዘብ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ገጽ በወር 50 ሺህ ዕይታ አለው እንበል። የሺህ ዕይታ ገቢው አንድ ዶላር ቢሆን በወር 50 ዶላር ያገኛል። አድሴንስ ክፍያ የሚልከው የተጠራቀመው ሒሳብ 100 ዶላር ሲሞላ በመሆኑ፣ ባለገጹ ሁለት ወር ሠርቶ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል። የሺህ ዕይታው ስድስት ዶላር ቢሆን ግን ያው 50 ሺህ ዕይታ 300 ዶላር ያስገኛል።

ለመሆኑ ይህን ልዩነት የሚያመጣው ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት አንባቢው የሚኖርበት አገር ነው። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያለ አንባቢ የመግዛት አቅሙ ከፍ ያለ፣ በኢንተርኔት የመሸመት ልማዱም የዳበረ በመሆኑ ብዙ ተጫራች አለው። ሁለተኛው ምክንያት አንባቢው ገጹን ሲከፍት በልቡ የያዘው ጉዳይ ነው። ስለ መኪና ኢንሹራንስ፣ ስለ ቤት ብድር ወይም ስለ ጠበቃ የሚያነብ ሰው ሊገዛ የተዘጋጀ ደንበኛ ነው። አንዱ እንኳ ቢገኝ ለድርጅቱ ብዙ ገንዘብ ስለሚያስገባ ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል። ስለ አርቲስቶች ወሬ የሚያነበው ግን ጊዜውን ሊያሳልፍ የመጣ ነው። ቁጥሩ ቢበዛም ጨረታው ይቀዘቅዛል።

አማርኛ በጨረታው ላይ

ወደ አማርኛ ስንመጣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አድሴንስ የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ አማርኛም ለብዙ ዓመታት ከዝርዝሩ ውጪ ሆኖ ኖሯል። በደንቡ መሠረት አብዛኛው ጽሑፉ ከዝርዝሩ ውጪ በሆነ ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ማስታወቂያውን መለጠፍ አይፈቀድለትም። በዚህ ሳቢያ የአማርኛ ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛ ወደ መጻፍ፣ ወደ ቪዲዮ ወይም ማስታወቂያ በቀጥታ ወደ መሸጥ ሲያዘነብሉ ቆይተዋል። ማንም ሰው በአማርኛ ገጽ ላይ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህንን ዝርዝር ማየት ይገባዋል።

በአገር ውስጥ ተቀምጦ ለሚሠራም ጥቃቅን የሚመስሉ እንቅፋቶች አሉ። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል የምስጢር ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይልካል፤ ያ ቁጥር ካልገባ ክፍያ ይያዛል። ቤት ለቤት ፖስታ በማይታደልበት አገር አስተማማኝ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መያዝ የግድ ነው።

የምንዛሪው ጉዳይ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ቀድሞ 5 ሺህ 700 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው የ100 ዶላር ክፍያ ከ10 ሺህ ብር በላይ ማስገኘት ጀመረ። ሆኖም የገጹ አድራሻ የዓመት ክፍያና የማስቀመጫ ኪራዩ በአብዛኛው የሚከፈሉት በዶላር ነው። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነበት ባለገጽ በዚያው ለውጥ ተጎድቷል።

ቀጥታ ሽያጭ ለምን ያዋጣል?

አንባቢው የታወቀና የተለየ ሲሆን ደላላው ሊዘለል ይችላል። ለምሳሌ ያህል የሲሚንቶ፣ የአርማታ ብረትና የቆርቆሮ ዋጋ ከየመደብሩ እየሰበሰበ በየሳምንቱ የሚያወጣ ገጽ እናስብ። አንባቢዎቹ ሁለት ሺህ ብቻ ቢሆኑም ሥራ ተቋራጮችና ቤት ሠሪዎች ናቸው። ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ እነዚህ ሁለት ሺህ ሰዎች ከመቶ ሺህ ወሬ ፈላጊ ይበልጡበታል። በመሆኑም በወር ቁርጥ ዋጋ ቦታ ይከራያል፤ ጨረታ የለም፣ የሺህ ዕይታ ስሌትም የለም። ገጹም የአማርኛ በመሆኑ የሚያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም የሚፈለገው በአማርኛነቱ ነው።

ይህ አሠራር በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የተፈተነ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየታተመ የሚሠራጨው የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ የቆመው በማኅበረሰቡ ውስጥ ባሉ ነጋዴዎች ማስታወቂያ ነው። ምግብ ቤቱ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የሒሳብ አዋቂው፣ ቤት አሻሻጩ ሁሉም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ማኅበረሰብ ነው። ለእነሱ የቋንቋው ጥበት ጉዳት ሳይሆን የደንበኛ ማጣሪያ ሆኖላቸዋል።

ቀጥታ ሽያጭ ግን ድካም አለው። ነጋዴው ዘንድ ሄዶ ማሳመን፣ ውል መጻፍ፣ ደረሰኝ መቁረጥና ክፍያ መከታተል ያስፈልጋል። የተከፈለበት ጽሑፍም በግልጽ ማስታወቂያ ተብሎ መለየት አለበት። ዜና መስሎ የወጣ ማስታወቂያ አንባቢን ያሸሻል። ጉግልም ገንዘብ የተከፈለባቸው ማገናኛዎች በምልክት እንዲለዩ ይጠይቃል፤ ሳይለይ የሚሠራ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

በአገራችን አንባቢው በብዛት የሚገኝበት ቴሌግራምም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ማብቂያ አንስቶ ቢያንስ አንድ ሺህ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን ማካፈል ጀምሯል። ክፍያው ግን ቶንኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ መሆኑን ማወቅ ያሻል። ዋጋው በየዕለቱ ይዋዥቃል፤ ብሔራዊ ባንክም በ2022 በዲጂታል ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል።

ገቢውን በአንድ ጀንበር የሚያሳጡ ነገሮች

ገቢ ለማሳደግ ሲባል በራስ ገጽ ማስታወቂያ ላይ ጠቅ ማድረግ ወይም ጓደኛን ማስደረግ ሒሳቡን ያዘጋል፤ የተጠራቀመውም ገንዘብ ሊቀር ይችላል። ከሌላ ገጽ እየገለበጡ መለጠፍም ዕድሜ የለውም። ጉግል በመጋቢት 2024 ባወጣው ደንብ፣ በማሽንም ተጻፈ በሰው፣ ፍለጋን ለማታለል በገፍ የተመረተ ጽሑፍን ከውጤቱ እንደሚያወርድ አስታውቋል። በግንቦት 2024 ደግሞ በአሜሪካ ለጥያቄዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ከፍለጋው ገጽ አናት ላይ ማሳየት ጀምሯል። አንባቢው መልሱን እዚያው ካገኘ ገጹን የሚከፍትበት ምክንያት ይቀንሳል። በዚህ የሚጎዱት ሌላው የጻፈውን አሳጥረው የሚያቀርቡ ገጾች ሲሆኑ፣ ከመርካቶ ራሱ ጠይቆ ዋጋ የሚያመጣ ጸሐፊ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕቃ ይዟል።

ገዢ ሊጠይቃቸው የሚገቡ

ገጽ ለመግዛት ወይም ለመሸረክ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የ12 ወር ገቢ፣ በፎቶ ሳይሆን ሒሳቡ ዓይኑ እያየ ተከፍቶ እንዲታይለት ይጠይቅ። ቀጥሎ አንባቢው ከየት አገርና በምን በኩል እንደሚመጣ ይመርምር። ከመቶው ዘጠናው በአንድ በር የሚገባ ከሆነ ያ በር ሲዘጋ ንግዱም አብሮ ይዘጋል። የገጹ አድራሻ በማን ስም እንደተመዘገበም ይረጋገጥ። በገንቢው ወይም በቀድሞ ሠራተኛ ስም ከሆነ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መዛወር ይኖርበታል።

በመጨረሻም ብዙ ገዢ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የአድሴንስ ሒሳብ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ገጹን የገዛ ሰው ሒሳቡን አልገዛም። በራሱ ስም አዲስ ማመልከቻ አቅርቦ መጽደቅ አለበት፤ ካልጸደቀለት በእጁ የሚቀረው ጽሑፉና አንባቢው ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲቆርጥ፣ ደላላው ነገ ቢቀር እነዚያን አንባቢዎች በቀጥታ የሚፈልግ ነጋዴ መኖር አለመኖሩን ቆጥሮ ይሁን።